የሠርግ ቪዲዮ የሚችል ላፕቶፕ

ባለቤቴ ከሳዑዲ ስትመለስ ካመጣቻቸው ዕቃዎች መካከል አንድ ካሜራ ነበረ። ብርድ ልብሱንና ሽቶውን ለዘመድ አዳረሰች፤ ካሜራውን ግን ለማንም አላሳየችም። ከርማ ከርማ አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ «ሠርግ ልቀርጽ ነው» አለችኝ።

እኛ ከተማ፣ መካነ ሰላም ውስጥ፣ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ችግሩ ከቀረጻው በኋላ ነው። ቪዲዮው ተቆራርጦ፣ ዘፈን ገብቶበት፣ አምሮ እንዲወጣ ደሴ ይላካል። ደሴ ደግሞ ወረፋ አለ። ሙሽሮቹ ሠርጋቸውን የሚያዩት አንዳንዴ የመጀመሪያ ልጃቸውን ታቅፈው ነው። ባለቤቴ ያሰበችው እዚሁ ሠርታ ማስረከብ ነበር። ሥራውን ሳዑዲ ሳለች ከአሠሪዋ ልጅ አጠገብ ተቀምጣ አይታዋለች፤ ኋላም በስልኳ ስትለማመድ ቆይታለች። የቀራት ላፕቶፕ ብቻ ነበር።

ላፕቶፑን የመምረጥ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ በኮምፒውተር የምሠራው ሪፖርት መጻፍ ነው። ይሁንና አንዴ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ሳይቀደድ ስላወጣሁ በቤተሰቡ ዘንድ የኮምፒውተር አዋቂ ተብያለሁ። ይህን ስም አስተባብዬ አላውቅም።

መጠየቅ ጀመርኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ «ዋናው ራም ነው» አለኝ። ራም እንደ ጠረጴዛ ነው፣ ሰፊ ከሆነ ብዙ ሥራ ዘርግተህ ትሠራበታለህ ብሎም አስረዳኝ። ገባኝ። የቢሮ ባልደረባዬ ደግሞ «ራም ምን ያደርግልሃል? ዋናው ፕሮሰሰሩ ነው። ኮር አይ ሰቨን ካልሆነ እንዳትነካው» አለኝ። እሱ ማስረዳት የሚባል ነገር ስለማይወድ ቃሉን ብቻ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

«ኮር አይ ሰቨን ነው የምንገዛው» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«ትልቁ ነው።»

«በምኑ?»

«በቁጥሩ።»

ትንሽ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ደሴ አብረን ሄድን። አውቶቡሱ አቀስታ እስኪደርስ ስለ ቀጭን ላፕቶፕ ጥቅም አስረዳኋት። ከአቀስታ ወዲያ ተኛች።

የሱቁ ባለቤት ረጋ ያለ ሰው ነበር። ኮር አይ ሰቨን እንደምፈልግ ስነግረው አንድ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ ላፕቶፕ አወጣልኝ። ያገለገለ ነው፤ ግን ጭረት የለውም። በአንድ እጄ አነሳሁት። ወደድኩት። ባለቤቴ በበኩሏ ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ «ይኼን ይከፍትልኛል?» አለችው።

ፍላሹ ላይ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ነበረ። የሱቁ ባለቤት ቪዲዮ ማቀናበሪያውን ከፈተላትና ወንበር ሰጣት። እሷም መቁረጥ፣ መቀጠል፣ ማጫወት ጀመረች። ጥቂት እንደሄደ ቪዲዮው ቀጥ አለ። የቆመው አጎቷ ሙሽሮቹን ሊመርቁ እጃቸውን ለዱዓ በዘረጉበት ቦታ ላይ ነበር። አፋቸው እንደተከፈተ፣ መዳፋቸው እንደተዘረጋ ቀሩ። ቻርጀር ሊገዙ የገቡ አንድ አዛውንት ከኋላችን ቆመው ይመለከቱ ኖሮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሚን» አሉ። አጎቷ ግን አልቀጠሉም።

«አይሆንም» አለች ባለቤቴ።

«ኮር አይ ሰቨን እኮ ነው» አልኩ።

«ነው፤ ግን የቆየ ነው» አለ የሱቁ ባለቤት። «ወንድሜ፣ የቆየ አይ ሰቨን ከአዲስ አይ ፋይቭ ሊያንስ ይችላል። ለቪዲዮ ደግሞ ምስሉን የሚሠራለት የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ቢሆን ነው የሚሻለው።»

ይህን ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለነገሩ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሁለተኛው ላፕቶፕ ላይ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አንድ እግሯ አየር ላይ ቀረ። በዚህ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። የሙሽራው አባት የትኛው እንደሆነ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ባለቤቴ በጣቷ አሳየችው። ሦስተኛው ላፕቶፕ እንደ ጡብ የወፈረ፣ ሲበራ እንደ ማራገቢያ የሚጮህ ነገር ነው። ራሙ አሥራ ስድስት፣ ፕሮሰሰሩ አዲስ አይ ፋይቭ፣ ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው። አጎቷ ያለ አንዳች መቆራረጥ እስከ መጨረሻው መረቁ። አዛውንቱ «አሁን ተሳካ» ብለው ቻርጀራቸውን ይዘው ሄዱ።

እኔ የቀረኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«ባትሪውስ?»

«ቀላል ሥራ ከሆነ ሁለት ሰዓት። ቪዲዮ ላይ ከዚያም ያንሳል» አለ የሱቁ ባለቤት።

«እኛ አገር መብራት ይሄዳል» አልኳት።

«መብራት ሲሄድ እተኛለሁ» አለች።

ሰውዬው ቀጥሎ ማስቀመጫው፣ ማለት ፋይል የሚጠራቀምበት ቦታ፣ ይበቃችኋል ወይ ብሎ ጠየቀን። ሁለታችንም በአንድ አፍ ይበቃናል አልን። በዚያ ቀን የተስማማንበት ነገር እሱ ብቻ ነው። ሁለታችንም ተሳስተናል።

የመጀመሪያው ሥራ የመጣው ከላላ ከምትባል ከተማ ነበር። ባለቤቴ ቀርጻ ተመለሰችና ወደ ላፕቶፑ ማስገባት ጀመረች። ሙሽራዋ ገና ከቤቷ ሳትወጣ ቦታው ሞላ። ቁጭ ብለን ስክሪኑን አየነው። እኔ ከአንድ አስተማሪ ጓደኛዬ ከውጭ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ ተውሼ መጣሁ፤ የቀረው ሠርግ እዚያ ላይ ገባ።

ቆርጣ፣ አስተካክላ፣ ዘፈን አስገብታ ጨረሰች። ቀጥሎ ማሽኑ ሁሉንም ገጣጥሞ አንድ ፋይል ማድረግ አለበት፤ ይህ ጊዜ ይወስዳል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሊነጋጋ ሲል መብራት ሄደ። ባትሪው ትንሽ ታገለና እሱም ሄደ። እተኛለሁ ያለችው ሴት አልተኛችም። ነጠላዋን ለብሳ ላፕቶፑን አቀፈች።

«ጄኔሬተር ያለው ማን ነው?» አለችኝ።

አንድ ሆቴል ነበር። ባለቤቱ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ሶኬት ፈቀደልን። ቁርስ ሰዓት ላይ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ሲያልቅ ምሳ እየቀረበ ነበር። እኔ ማሽኑን ማንም እንዳይነካው አጠገቡ ተቀምጬ ጥብስ በላሁ። ይህ በሙሉ ሂደቱ ውስጥ ያለ ስህተት የሠራሁት ብቸኛ ሥራ ነው።

ቪዲዮውን ልናስረክብ ከላላ አብረን ሄድን። ቤተሰቡ ተሰብስቦ አየ። ሳቁ፣ ተጠቋቆሙ፣ ሙሽራው ስለ ክራባቱ ተቀለደበት። ሲያልቅ የሙሽራዋ እናት ወደ ባለቤቴ ዞሩና፣ «ልጄ፣ አላህ እጅሽን ይባርከው። እኔ ግን የት ነው ያለሁት?» አሏት።

የትም አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ እንግዳ ሲያስተናግዱ፣ ከጓዳ ዳስ፣ ከዳስ ጓዳ ሲመላለሱ ነው የዋሉት። ባለቤቴ ፊቷ ቀላ። «ወላሂ እማማ፣ ይኖራሉ፤ እፈልግዎታለሁ» አለች።

ቤት ስንመለስ ሃርድ ዲስኩን ሰክታ ቆርጣ የጣለችውን ሁሉ እንደገና ማየት ጀመረች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። መጀመሪያ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ከሙዚቀኞቹ ጀርባ ጆግ ይዘው ቆመው ነበር። ልጃቸው ስትጨፍር ጆጉን መሬት አስቀመጡና ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ወዲያው አንስተውት ሄዱ። ባለቤቴ ያቺን ቦታ አቀረበቻት፣ ትንሽ ቀስ ብላ እንድትሄድ አደረገቻት። ማሽኑ እንደ ማራገቢያ እየጮኸ ታዘዘ። ያን ጊዜ ስለ ውፍረቱ የነበረኝን ቅሬታ ተውኩት።

ሴትዮዋ ሁለተኛውን ቪዲዮ ሲያዩ እኔ አልነበርኩም። ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ ያቺን ቦታ ደጋግመሽ አሳዪኝ ብለው፣ መጨረሻ ላይ «ያ ጆግ የጎረቤት ነው፣ እስከ አሁን አልመለስኩም» አሉ።

ባለፈው ሳምንት ሃርድ ዲስኩን ያዋሰኝ አስተማሪ ላፕቶፕ ሊገዛ ነውና ምክር ፈልጎ ቤታችን መጣ። እኔ «ባትሪውን እይ» አልኩት። ባለቤቴ «መጀመሪያ ምን ልትሠራበት እንደሆነ ንገረኝ» አለችው። የፈተና ጥያቄ እጽፍበታለሁ፣ ፊልም አይበታለሁ አለ። እኔና ባለቤቴ የትኛው ላፕቶፕ ይሻለዋል እያልን ስንከራከር አመሸን። ሰውዬው እራቱን በልቶ፣ አመስግኖ፣ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሄደ።