መንገድ የለቀቁልኝ ቀን

ያ ሥራ በመሥሪያ ቤታችን ለእኔ የተሰጠኝ የአካባቢውን ቋንቋ ስለምችል ነው። የሆሳዕናና የዙሪያዋ ትንንሽ ከተሞች ቆሻሻ በየቦታው መደፋቱ ቀርቶ ወደ አንድ ማስወገጃ እንዲጓጓዝ ታስቦ ነበር። የማስወገጃው ቦታ ተመርጧል፤ ያልተመረጠው መኪኖቹ የሚያልፉበት መንገድ ነው። ሁለት የጠጠር መንገዶች አሉ። አንደኛው የተወለድኩበትን መንደር ሰንጥቆ፣ በአክስቴ ደጅ አድርጎ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፋል። እግረኛና ጋሪ የሚበዛበት ለሰዉ ይቀራል፤ ጭር ያለው ለቆሻሻ መኪና ይሰጣል ተባለ። የእኛን መንደር መንገድ አላፊ አግዳሚ ሦስት ቀን ተቀምጬ እንድቆጥር እኔ ተላክሁ፤ ሌላኛውን ሌላ ባልደረባ ቆጠረ።

አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በገበያ ቀን ያ መንገድ መተላለፊያ የለውም። ማጭበርበር አያስፈልገኝም፤ ያየሁትን ብቻ ብጽፍ መንደሬ ይተርፋል። ለምን እንደምቆጥር ግን ለማንም እንዳልናገር ታዝዣለሁ፤ ሰዉ ከሰማ ሆን ብሎ መንገዱን ይሞላዋል ተብሎ ተፈርቶ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ወንበሬ አጠገብ መጥተው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። መንገዱን እያጠናን ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

በማግስቱ መንገዱ ሳሳ። በሦስተኛው ቀን፣ ያውም በገበያው ቀን፣ ጭራሽ ሰው ጠፋ። ሁለት ባጃጅ፣ አንድ ሞተር፣ ጥቂት ተማሪዎች፤ በቃ። ቆጮ ተሸክመው የሚያልፉት ሴቶች የሉም። የአህያ ጋሪ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እንዲህ ነው።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሆን ሰዉ የት ገባ ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን የአገሩ ልጅ ነኝ፣ አዋቂ ነኝ! ትልቅ ሰው ሞቶ ነው አልኩ ለራሴ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ገበያው ይሳሳል፣ ሰዉ ወደ ለቅሶ ይጎርፋል። ማን እንደሞተ እንዳልጠይቅ ደግሞ ፈራሁ። ከጠየቅኩ ሟቹ ዘመድ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም፤ ዘመድ ከሆነ ወንበሬን ጥዬ መሄድ አለብኝ። ሰምቶ ለቅሶ የቀረ ሰው ዕድሜ ልኩን ይወቀሳል፤ ያልሰማ ግን ይቅር ይባላል። ስለዚህ ላለመስማት ዝም ብዬ ባዶውን መንገድ ቆጠርኩ።

ሥራዬን ስጨርስ አክስቴ ቤት ገባሁ። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ደጇ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ሙዝና ሸንኮራ እየሸጠች ትኖራለች። ቆጮና አይብ አቀረበችልኝ። ፊቷ በርቷል። አሁን ሥራው አልቋልና ማን ነው የሞተው ብዬ በሀዲይኛ ጠየቅኳት።

«ማንም አልሞተም፤» አለችኝ። «ሽማግሌው ናቸው መንገዱን ያስለቀቁልህ። አስፋልት ሊመጣ ነው፣ ልጃችን እየለካ ነው፣ ጋሪና አህያ አያስቸግረው ብለው ሰዉን ሁሉ ከእንሰቱ ጀርባ በታችኛው ቀጭን መንገድ አሳለፉት። እኔም ዛሬ ዕቃዬን አላወጣሁም።»

ሊመጣ የሚችለው አስፋልት ሳይሆን የቆሻሻ መኪና መሆኑን እዚያው ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኳትም። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አንተ የዚያ መንደር ልጅ ነህ፤» አለኝ። «ትናንት ባዶ ነው ብለህ ነገ ሞልቷል ብለህ ብትመጣ ማን ያምንሃል? ለአክስቱ ሲል አስሞላው ነው የሚሉህ።»

ሌላ ሰው ይላክ ብዬ ለመንኩት። ሪፖርቱ ዛሬ ይፈለጋል አለኝ። ባልፈርም ለወገኑ አደላ ልባል ነው። ብፈርም መኪናውን በገዛ እጄ አክስቴ ደጅ ላመጣው ነው። ቅጹ ላይ ደግሞ አንዲት ውሸት የለችም፤ ያላየሁትን አልጻፍኩም። ፈረምኩ። በዚያን ቀን ራሴን ጠላሁት፤ እስካሁንም አልታረቅንም።

አሁን መኪኖቹ እየተከታተሉ ያልፋሉ። አክስቴ ሙዟን ወደ ጓሮ አስገብታለች፤ ገዢ ግን ጓሮ ድረስ አይገባም። ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች የሚለውን ተረት ተማሪ ሳለሁ ክፍል ውስጥ አብራርቼ ተጨብጭቦልኛል። ልጅየው እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሽማግሌው ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር አስፋልቱ መቼ ነው ይሉኛል፤ እኔም በቅርቡ ነው እላለሁ።

ባለፈው ወር ደግሞ መኪኖቹ ከመጡ ወዲህ እንቅስቃሴው ምን እንደሚመስል ቁጠር ተብዬ እዚያው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ የተቀቀለ በቆሎ ይዛልኝ መጣች። አንድ መኪና አቧራውንና ሽታውን አልብሶን ሲያልፍ በሻሿ አፍንጫዋን ሸፈነች፤ ከዚያ ጎንበስ አለችልኝ።

«ሽማግሌው ጠይቂው ብለውኝ ነው፤» አለች። «አሁንስ ሰዉ በየት በኩል ይሂድልህ?»

«በመንገዱ፤» አልኳት። «ሁሉም በመንገዱ ይሂድ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች።

«በዚህማ መኪናው አለ፣ ልጄ። ሰዉ የታችኛውን ለምዶታል።»

ቅጹን ገልጬ የመጀመሪያዋን ጭረት ለመኪናው አሰመርኩ።