ልጄን ከሱባኤዋ የጠራሁ ዕለት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በጾም ወተት መቅመሴን፣ ጎረቤት ማማቴን ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን እምላሴ ሥር ይዤው እሄዳለሁ፣ ይዤው እመለሳለሁ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ እለፉኝ፤ ጥፋቴን ግን አትለፉኝ።

ልጄ ስመኝ ደብረ ማርቆስ ተቀጥራ ትሠራለች። ከሦስት ዓመት በፊት እንቅልፍ አጥታ፣ ከስታ መጣችብኝ። እኛ ዘንድ ሮብ ገበያ ከተማ መጥታም ዓይኗ ከስልኳ አይነሣም፤ እየበላች ትነካካዋለች፣ እያወራችኝ ትነካካዋለች። በመጨረሻ ራሷን መረራት። ለፍልሰታ ስልኳን አጥፍታ በሻሽ ጠቀለለችና፣ «እማዬ፣ ያዥልኝ። ዲማ ገዳም ሱባኤ ልግባ። ሁለቱን ሳምንት ማንም አይጥራኝ፤ ብለምንሽም እንዳትሰጭኝ» አለችኝ። በማርያም ብዬ እሺ አልኋት።

ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። በሳምንቱ ጎረቤቴ እትዬ ዘርትሁን ሳቀችብኝ፦ «አንች ሞኝ፣ ስልኳን ያወረሰችሽ እኮ ነው! ቆብ ልትጭን ነው፤ ሠርጓን እንግዲህ በሕልምሽ ጥሪኝ!»

ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ለሰባት ቀን ብላ ገብታ መንኩሳ የቀረች እኅት አለችኝ። ያለችኝ ሴት ልጅ ደግሞ አንድ ናት። ፈራሁ። ሻሹን ከነስልኩ ጉያዬ ሸጉጬ፣ ሁለት መኪና ቀያይሬ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድሁ።

ከወይራው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ያ የስልክ መስታወት ሲፈትግ የኖረ ጣቷ መቁጠሪያዋን ቀስ እያለ ያልፋል። ፊቷ ሞልቷል። የተነከረ ሽምብራ እየቆረጠሙ ፊት እንዴት ይሞላል? «እማዬ፣ እተኛለሁ እኮ! እንደ ሕፃን!» አለችኝ።

አየሁ። መዳኗን በዓይኔ አየሁ። አይቼስ ምን አደረግሁ? ዋሸሁ። እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ቆሜ ዋሸሁ። «ከመሥሪያ ቤት በአባትሽ ስልክ ደውለው፣ ቶሎ ትምጣ ብለዋል» አልኋት። ሻሹን ፈታች። ስልኩ ሲበራ መልእክቱ እንደ ጮቄ በረዶ ወረደ፤ አንገቷም ሰበር አለ። ሱባኤዋን ሳትጨርስ ይዣት ወጣሁ።

ብትጠይቅ መሥሪያ ቤት የፈለጋት ሰው የለም። ሌላ ቢሆን ይጠረጥር ነበር። እሷ፣ «ተሳስተው ይሆናል። አንች ግን ለእኔ ብለሽ ያን ሁሉ መንገድ!» ብላ ጉልበቴን ሳመችው። የሳመችው የውሸታም ጉልበት ነው።

ይኸው ፍልሰታ ደረሰ። እንቅልፏም ዳግመኛ ከጠፋ ቆይቷል። «ዲማ አትሄጅም ወይ?» ስላት፣ «እንዴት ብዬ እማዬ? እንደዚያን ጊዜ ቢፈልጉኝስ?» አለችኝ። ሰማችሁ? ከስልኩ ጋር ያሰራት ገመድ የእኔ ውሸት ነው። ስለ ፈራሁ ነው አልልም። እናት ስለሆንሁ ነው አልልም። የማይፈራ እናት ማን አለ? የዋሸሁ ግን እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ትመጣለች። በአፌ ስናገር እንዳልሸሽ፣ ይህንኑ ወረቀት አስነብባታለሁ። ስመኝ ሆዴ፣ ይቅር በይኝ፤ ባትይኝም እውነትሽን ነው። ሻሹን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ። ስልክሽን ጠቅልለሽ ስጭኝና ሂጅ። እንዳትቀሪብኝ አሁንም እፈራለሁ። ፍርሃቴን ግን እዚሁ ቤቴ ይዤው እቀመጣለሁ እንጂ፣ ተከትዬሽ አልመጣም።