እማዬ መሮ የጨበጠች ቀን

ልጅ እያለሁ አባቴ አንድ ገበቴ ለመሥራት ሁለት ሴት ልጆች ያስፈልጉት ነበር። ጂንካ፣ ቤታችን ጓሮ፣ የዋንዛው ጉማጅ በሁለት ካስማ መሃል ይወጠርና ጠፍር ይጠመጠምበታል። እኔና ታላቅ እህቴ አልማዝ የጠፍሩን ጫፍና ጫፍ ይዘን ተራ በተራ እንጎትታለን። እንጨቱ ወዲህ ሲዞር አባባ በመሮው ይፍቃል፤ ወዲያ ሲመለስ መሮውን ያነሳል። ፍቅፋቂው ጸጉራችን ውስጥ ይሰገሰግና የዋንዛው ሽታ እስከ ትምህርት ቤት ይከተለን ነበር።

አልማዝ ራቅ ብሎ ወይጦ ለሚኖር ሰው የታጨች ዕለት ቤቱ በእልልታ ሲቀልጥ አባባ ጓሮ ወጥቶ ቆመ። «እሷ ስትሄድ ማን ሊጎትትልኝ ነው?» አለ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። «የእኔ መኪና ጎታች አትፈልግም» አለችው። «በእግር ትዞራለች፤ ያውም ወደ አንድ ወገን ብቻ።»

አባባ ቀና ብሎ አያት። «ታውሺኛለሽ?»

«ከሰበርካትስ? ምን ልንበላ ነው?»

የምንተዳደረው በዚያች መኪና ነበር። እማዬ ስታስብ ዋለችና ማታ ራሷ የስፌት መኪናዋን ራስ ከጠረጴዛው ፈታችው። አባባ በቦታው እንጨት መያዣ ሠርቶ ከፔዳሉ የሚመጣውን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አገናኘው።

ቅዳሜ እማዬ ፔዳሉን ረገጠች፤ አባባ መሮውን ያዘ። እጁ የለመደው ግን የጠፍሩን እረፍት ነው፤ ይኸኛው እንጨት ደግሞ ፋታ አይሰጥም። መሮው ነከሰና ገበቴው ተፈናጥሮ፣ አጥሩን ተሻግሮ፣ ባለሱቁ ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ ግቢ ወደቀ። ሁላችንም ክው አልን። ወዲያው ሐጂ ከአጥሩ ማዶ፣ «እናንተ! አውሮፕላን ማረፊያው ወደ እኔ ግቢ ተዛወረ እንዴ?» ሲሉ እማዬ እየሳቀች ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። መኪናዋ ምንም አልሆነችም።

«እስቲ አንተ እርገጥ» አለችው እንባዋን እየጠረገች። መሮውን ተቀብላ፣ ጨርቅ ከመርፌ ሥር እንደምታሳልፈው በዝግታ አስጠጋችው። ፍቅፋቂው ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ እየረዘመ ወጣ። አባባ እየረገጠ በአፍ መፍቻው በአሪኛ መዝፈን ጀመረ፤ እኔና አልማዝ ጥብጣቡን አንገታችን ላይ ጠምጥመን ጨፈርን። ለሠርጉ እንግዶች ወጥ የቀረበው እማዬ ራሷ በፈለፈለቻቸው ገበቴዎች ነበር።

ዛሬ ጂንካ ውስጥ እንጨት የሚያዞረው ማሽን፣ ቶርኖ፣ በመብራት ይዞራል። የወጣቶቹ ሥራ ከእኛው ይበልጥ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጆሮውን ደፍኖ ብቻውን ነው የሚሠራው። በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ፤ አንዲት ሴት በሳቅ መሃል «ጨምር! ጨምር እንጂ፣ ደከመህ እንዴ?» ስትል የምሰማ እየመሰለኝ።