የሊቀመንበሩን ማኅተም ፍለጋ ወደ ዳባት

ከቤቴ የወጣሁት ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ጋቢዬን ደርቤ፣ በሶና ጨው በስልቻ ቋጥሬ፣ ዱላዬን ይዤ ማልጄ ተነሣሁ። የምሄደው ዳባት ነው። ጉዳዬን ስናገር ብዙ ሰው ይስቅብኛል፤ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ቀበሌ ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ጃናሞራ መውጫ ያለው ደጋ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር መርሻ ባለፈው ጥቅምት የከብት ክትባት ሊማር ዳባት ወረደ። ከማኅበሩ አንድ ሰው ላኩ ሲባል፣ የሚላከውን የሚመርጠው እሱ ነበርና ራሱን መረጠ። እሺ አልን። ከብቶቻችን በበሽታ ያልቃሉ፤ ማንም ይማር ማን፣ መርፌ የሚያውቅ አንድ ሰው ካገኘን ይበቃናል አልን። እስኪመለስ መሬቱን ማኅበሩ ሊያርስለት፣ ስንቁንም በየተራ ልንልክለት ተስማማን። ትምህርቱ የበጋ ነው ተብሎ ነበር። በጋው አለፈ፤ መርሻ አልመጣም፤ እኛ ግን አሁንም እናርሳለን። ይባስ ብሎ የሱ ገብስ ተዘርቶ ሲያልቅ፣ ባሏ የሞተባት የጥሩነሽ መሬት ሳይነካ ቀረ። በሬው ሁሉ እሱ ማሳ ላይ ነበራ!

ስለዚህ ክስ ተጻፈ። የጻፈው ተገኘ ነው፤ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ምላሱም ብዕሩም የሚዋጋ ጎልማሳ። «በሕዝብ ጉልበት እማራለሁ ብሎ ሄዶ፣ ምንም ሳይማር ዳባት የሚንፈላሰስ» ብሎ ጀመረው። ይዞት ደባርቅ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢወርድ፣ የማኅበሩ ማኅተም የሌለበት ማመልከቻ አይገባም ብለው መለሱት። ማኅተሙ ደግሞ መርሻ ኪስ ውስጥ ነው። ሲሄድ ይዞት ሄዷል።

ተገኘ «ልሂድና ላምጣው» ቢል፣ ጠብ ይመጣል ተባለ። ዞሮ ዞሮ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ።

«አያ ፈንቴ፣ አንቱን የሚቆጣ ሰው የለም» አለችኝ ጥሩነሽ። «ይሂዱና ክሱን በራሱ ማኅተም አስመትተው ይምጡ።»

ተገኘም ከኋላ፣ «ሲመለሱ እግረ መንገድዎን ወረዳ ያስገቡታል» አለ።

እሺ ብዬ ተቀበልሁ፤ ልቤ ግን አልረጋም። በዚህ ዘመን የሕዝብ ጉልበት አባከነ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ይታሰራል፤ ከታሰረም መች እንደሚወጣ የሚነግርህ የለም። መርሻ ሚስትና ልጆች አሉት። ደግሞ ማወቅ የፈለግሁት ነገር ነበረ። ለተማሪ የሚታረሰው እርሻ ደቦ ነው ወይስ ወንፈል? ደቦ ከሆነ ባለቤቱ አብልቶ አጠጥቶ ይሸኝሃል፤ ዕዳ የለበትም። ወንፈል ከሆነ ቀን በቀን ይመለሳል፤ ዛሬ እኔ ላንተ ብወጣ ነገ አንተ ለኔ ትወጣለህ። ይህንን በሸንጎ የጠየቀ አልነበረም። በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ።

ደባርቅ

ቁልቁለቱን በጉም ውስጥ ወረድሁት። ጅብራው እንደ ቆመ ሰው ብቅ ይላል፤ ሰላም ልትለው ስትጠጋ ተክል ይሆናል። ከገደሉ አፋፍ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ አዲስ የተዘራ ማሳ እየጫረ ይለቅማል። አንዱን አውራ በዱላዬ ባስፈራራው ጥርሱን ገልጦ አሳየኝ። እኔም የቀሩኝን አሳየሁትና ተለያየን። ምንጭ ዳር ተቀምጬ በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ፤ ጉልበቴ እስኪመለስ ድረስም ጉሙ ሲገፈፍ ሲመለስ አየሁ። የቸኮለ ሰው ይህን አያይም።

ደባርቅ ስገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከሊማሊሞ የወጡ የጭነት መኪኖች ጥግ ይዘው ቆመዋል፤ ሹፌሮቹ ጎማ በእግራቸው እየመቱ ያወራሉ። አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ማደሪያ አገኘሁ፤ ሽሮውም መደቡም አንድ ላይ አንድ ብር። ሰው ሁሉ እታለም ይላታል።

«ምን እግር ጣለዎት?» አለችኝ።

«ማኅተም ላስመታ።»

«ምን ላይ?»

«ባለማኅተሙን የምንከስበት ማመልከቻ ላይ።»

የያዘችውን ጣሳ አስቀምጣ ሳቀች። «አያ፣ በግ ቢላዋ ስሎ ሲያቀብል አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁ። ካዩ ሲመለሱ ይንገሩኝ፤ ጠላው በኔ።»

ጥያቄዬን አመጣሁት። ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?

«ለሊቀመንበር ደሞ ምን ደቦ አለው? ለሹም የሚታረስ ግብር ነው እንጂ!» አለችና ወዲያው ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ከዚያ በኋላ ያወራችኝ ስለ ጌሾ መወደድ ብቻ ነው።

ኬላው

በማግሥቱ ጧት ከእህል ጭነት ላይ በሁለት ብር ተሳፈርሁ። ከከተማው ሳንርቅ ገመድ የተዘረጋበት ኬላ አስቆመን። ጠመንጃ ያነገተ ሚሊሻ ወረቀት ሲያይ መጥቶ እኔ ዘንድ ደረሰ።

«የይለፍ ወረቀት?»

«የለኝም፣ ልጄ።»

«ለምን አልያዙም?»

«የይለፍ ወረቀት ያለ ማኅተም አይሰጥም። የእኛ ማኅተም ዳባት ነው። እሱን ላመጣ ነው የምሄደው።»

አሰበ። «ይለፍ የሌለው ሰው ዳባት አይሄድም» አለኝ።

«አዎ።»

«ዳባት ካልሄዱ ደግሞ ይለፍ አያገኙም።»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ላድርግዎት?»

ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ጓድ፣ አሳልፋቸው! ሲመለሱ ግንባርህ ላይ ይመቱልሃል!» አለው። ጭነቱ ላይ ያለነው ሁሉ ሳቅን። ሚሊሻውም ላለመሳቅ ታግሎ አልሆነለትም፤ ገመዱን አወረደልን።

ከጎኔ የተቀመጡት ቄስ፣ ከዳባት ወዲያ ኮሶዬ ወደሚባል አገር ለክርስትና የሚሄዱ ናቸው። መኪናው ዳገት ሲይዝ ድምፁ ዝቅ ይላልና፣ በየዳገቱ እየጠበቅሁ ነገሬን አጫወትኋቸው። ሜዳው ግራና ቀኝ ታርሶ ጠቁሯል፤ ዘር የሚበትኑ ሰዎች ቀና ብለው ያዩናል።

«ደቦ ነው ወንፈል?» አልኋቸው።

ጺማቸውን ዳሰሱ። «እኔ ቅኔ ስማር ስንት ዓመት ቁራሽ ለምኜ በላሁ። ሰጥቶኝ መልስ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ተምሬ ስጨርስ ግን ትልቅ ደብር ጠርቶኝ፣ ልሂድ ብዬ ስነሣ እግሬ እምቢ አለ። ያንን አገር ትቶ አልሄድ አለ።»

«ታዲያ ስሙ ምንድን ነው?»

«ስሙን እኔም አላውቀው፣ አያ። እግሬን እንደ ያዘው ግን አውቃለሁ።»

የከብቱ ግቢ

ዳባት ወርጄ የከብት ሐኪም ቤቱን ጠየቅሁ። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ነው፤ ከፊቱ በአጣና የታጠረ ግቢ አለ፤ ገበሬው በሬና ላሙን ይዞ ተሰልፏል። በነጭ ጋውን አንድ ሰው ጎንበስ ቀና ይላል። መርሻ መሆኑን ያወቅሁት በአረማመዱ ነው።

አልጠራሁትም፤ አጥሩን ተደግፌ አየሁ። አንድ ወይፈን ሲፈራገጥ ጆሮ ግንዱን እያሻሸ አባበለው፤ ከአንገቱ ቆዳ ቆንጥጦ ያዘ፤ መርፌዋ መች ገብታ መች እንደወጣች አላየኋትም። ወይፈኑም ያየ አይመስለኝም። ባለቤቱን «ሁለት ቀን አትጠመደው፤ እብጠት ብታይ አትደንግጥ» አለው። ሰውየው እንደ ካህን ቃል አጎንብሶ ሰማው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ያ ወይፈን የዳባት ወይፈን ነው። የእኛዎቹ እላይ እያሳሉ ነው።

ቀና ሲል አየኝ። «አያ ፈንቴ! ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተ። ማኅተም ፈልገን ነው።»

«ለምን?»

«አንተን ልንከስህ።»

ከባሕር ዛፉ ሥር አስቀመጠኝና ወረቀቱን ቆሞ አነበበው። ስለ ሕዝብ ጉልበት የሚለውን ዝም ብሎ አለፈው። «ምንም ሳይማር» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ውሸት ነው! ማን ነው ያለው? ተገኘ ነው? ከመጣነው ሁሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ! እርስዎ አላዩም አሁን?»

«አይቻለሁ። ትምህርቱ መች አለቀ?»

«ሚያዝያ» አለ ቀዝቀዝ ብሎ።

«ታዲያ?»

«እዚሁ ሥራ ሰጡኝ። ደሞዝ አለው። ልጆቼን አምጥቼ ላስተምር አሰብሁ።» ከዚያ ቀና አለ። «ደግሞስ ምን ዕዳ አለብኝ? ደቦ ነው። ሚስቴ ጠላ ጠምቃ አጠጥታችኋለች።»

«መሬቱ መጀመሪያ ሲገመስ አጠጥታናለች፤ ጥሩ ጠላ ነበረ። እርሻው ሲደገምስ?»

ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ሰጠኝ።

«ሲዘራስ? መርሻ፣ ሲዘራ የጠጣነው የወራጅ ውሃ ነው። ከዚያም ወዲህ የጥሩነሽ መሬት ጦሙን አድሯል።»

ጋውኑን ጨበጠ። «ታሳስሩኛላችሁ» አለኝ።

«እኔ መልእክተኛ ነኝ። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ።»

«እንግዲያው 'ምንም ሳይማር' የሚለው ይሰረዝ። ያን ጊዜ እመታለሁ።»

በዓይኔ አይቻለሁና እምቢ ልለው አልቻልሁም። እስክርቢቶውን ተቀብዬ ሰረዝሁት፤ ከበላዩም በመሠረተ ትምህርት በተማርኋት ፊደል «አጥብቆ ተምሮ» ብዬ ጻፍሁ። አሁን ክሱ፣ በሕዝብ ጉልበት አጥብቆ ተምሮ ዳባት የሚንፈላሰስ ይላል። መርሻ ደግሞ አነበበው። አንድ ጊዜ አይደለም።

«ይሄ ከፊተኛው ይብሳል» አለ።

«አዎ፣ ልጄ። ይብሳል።»

ከጨርቅ የተጠቀለለውን ማኅተም ከኪሱ አወጣ፤ እፍ አለበትና በክሱ ግርጌ መታው። ወደ ኪሱ ግን አልመለሰውም። መልሶ ጠቀለለና መዳፌ ላይ አኖረው። «ይሄንንም ይውሰዱት። ሌላ ሊቀመንበር ይፈለግ» አለኝ። አንተስ ብዬ ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው በሬ ሄደ።

ያን ቀን እሱ ዘንድ አደርሁ። ስለ ክሱ አንድ ቃል አላነሣንም። በአባ ሰንጋ በሽታ ከብት የሞተበት መሬት ላይ ለምን ሌላ ከብት እንደማይሰማራ ሲያስረዳኝ አመሸ፤ እኔም ስጠይቀው አመሸሁ። እመጣለሁ አላለኝም፤ እኔም ና አላልሁትም።

መመለሻ

ደባርቅ ስመለስ እታለም ቃሏን ጠበቀች፤ ጠላው በሷ ሆነ። ከዚያ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ሄጄ ቆምሁ። ወረቀቱ ብብቴ ውስጥ ነው፤ ማኅተም አለው፤ በሩም ክፍት ነው። አንድ ጓድ «አባባ፣ ጉዳይ አለዎት?» አለኝ። ተገኘ አስገባው ብሎኛል። ግን ሸንጎው ያየው ክስ ሌላ ነው፤ ይኸኛውን እኔ ለውጨዋለሁ። ሸንጎ ባላየው ቃል ሰው ማሳሰር አልሆነልኝም። «የለኝም፣ ልጄ፤ ጥላ ፈልጌ ነው» ብዬ ዳገቴን ያዝሁ።

እቤት በደረስሁ ማግሥት ሸንጎ ተቀመጥን፤ ማኅተሙንም ሌላ ሊቀመንበር እስኪመረጥ ለሸንጎው አስረከብሁ። ተገኘ የተሰረዘውን አይቶ ጮኸ። «አያ! ክሱን አበላሹት!»

ጥሩነሽ አቋረጠችው። «በውኑ ተምሯል?» አለችኝ።

«ተምሯል።»

«እንግዲያ የታሰረ ሐኪም ለላሜ ምኗ ነው? ይምጣና ወንፈሉን ይመልስ። እምቢ ካለ ያን ጊዜ ይሂድ ክሱ፤ ከፈለጋችሁ እኔ ራሴ ይዤው እወርዳለሁ።»

እስከ ሰኔ መጨረሻ እንጠብቅ ተባለ። ማን ሄዶ ይንገረው ስንባባል፣ መልእክተኛው ሳይነሣ መርሻ ራሱ በበቅሎ መድኃኒት ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ታየ። ከአለቃው ፈቃድ ጠይቆ ነው። ጧት ጧት ከቤት ቤት እየሄደ ከብት ወጋ፤ የጀመረው ከጥሩነሽ ላም ነው። ከሰዓት በኋላ የሷን መሬት በራሱ እጅ አረሰ፤ ገብሱ ዘግይቶም ቢሆን ገባ። ማንም አላመሰገነውም፤ እሱም የጠበቀ አይመስለኝም። የፈቃዱን ቀን ጨርሶ ወደ ሥራው ወረደ፤ አሁንም ስንልክበት ይመጣል። ክሱን ተገኘ ራሱ ቀደደው፤ «አጻጻፉ ግን ያምር ነበር» እያለ።

ከዚህ መንገድ የተማርሁት፣ በሬ ሳይጠመድ መነጋገር እንደሚበጅ ነው። በዚህ ወር አዋላጅነት የምትማር ሴት ላኩ ተብለን፣ በሸንጎ የጥሩነሽን ልጅ አለምነሽን መረጥን። እኔም ተነሥቼ፣ «የእናትሽን መሬት ስናርስ ወንፈል ነው። ተምረሽ ትመለሻለሽ?» አልኋት።

«እመለሳለሁ» አለች። ከዚያ ግን አልተቀመጠችም። «እኔም ልጠይቅ። ስመለስ ሚስቶቻችሁን እንዳዋልድ ታስገቡኛላችሁ? ወይስ ይቺ የትናንት ልጅ ምን ታውቃለች ብላችሁ ደጅ ታቆሙኛላችሁ?»

ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት ያያል። የልጅቱ ትምህርት ታኅሣሥ ያልቃል፤ ምራቴ የምትወልደው ጥር ነው። ከሴቶቹ መካከል ፈልጌ አየኋት። በእሺታ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«ከኔ ቤት ጀምሪ» አልኋት አለምነሽን።