የእትዬ ዘይነባ ዳሌና ግድግዳ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው የመመረቂያ ጽሑፌን ባቀረብኩበት ማክሰኞ ነው። ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የሚያያዝበት ሲሚንቶ እንደ ሙጫ አይጣበቅም፤ የሚይዘው የአጥንቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ስለሆነ አጥንቱ ከለሰለሰ ይላቀቃል አልኩ። ለማስረዳት ልስኑ እንዲይዝ አስቀድሞ በመሮ የሚነቆረውን ግድግዳ በሥዕል አሳየሁ። ፈታኜ «ይህ የግንበኛ ወሬ ነው» ብሎ ጣለኝ፤ ጽሑፌንም ይዞት ቀረ። እኔም ግንበኛ ሆንኩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የእትዬ ዘይነባን አዲስ ቤት መለሰን ጀመርኩ። መገናኛ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሴት ናቸው። በምርኩዝ እየመጡ፣ ምሳዬን ካልበላሁ ሥራውን ያስቆሙኛል። አንድ ቀን ለስላሳውን ኮንክሪት በመሮ ስነቁር ደረሱ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ያማረውን ታቆስለዋለህ?»

«ካልቆሰለ ልስኑ አይይዝም፣ እትዬ።»

ሳቁ። «እንደኔ ዳሌ በለኛ። ውጭ አገር ያስገቡልኝ ተላቀቀ። አጥንቱን አለስልሰውት ሲሚንቶው የሚገባበት አጥቶ ነው አሉ። ልጄ ነው በሥዕል ያስረዳኝ፤ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ እኮ ነው።»

ሥዕሉን ከቦርሳቸው አወጡልኝ። ፈታኜ ይዞት ከቀረው ጽሑፌ የተገነጠለ ገጽ ነበር፤ የገጹ ጥግ ላይ በእጄ የሣልኩት የተነቆረ ግድግዳ አለ።

«አብሽር፣ አይዞህ፣ ምን ሆንክብኝ?» ብለው ክንዴን ያዙ።

መሮዬን አስቀመጥኩ። «እትዬ፣ እርስዎን እወድዎታለሁ። ልጅዎን ግን ይጥሩልኝ። የግንበኛ ወሬ ከሆነ ለእናቱ ለምን እንደነገራቸው፣ እዚህ ቆሞ ይመልስልኝ።»