መርዶ ለፈረንጁ አስተማሪ

በ1957 ዓ.ም. በጋ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ሞጣ በሚገኘው ግቢያችን አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ። እኔን «አንቺ»፣ ውሻችንን «አንቱ» ይላል። እንደ ልጄ እወደው ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ እሱ ትምህርት ቤት ሳለ፣ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ቴሌግራም ይዞ መጣ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው።

«ምን ይላል?» አልሁት።

«‹እናት› የሚለውን ብቻ ለየሁ፤ የቀረውን እኔም አላውቀው» አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

ያን ጊዜ ለእኛ ቴሌግራም ማለት ሞት ነበር። ለደስታማ ማን ይቸኩላል? መርዶ ደግሞ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ነው። ወረቀቱን ዳዊቴ ውስጥ ሸሸግሁና እሑድን ጠበቅሁ። እስከዚያው እሱን ባየሁ ቁጥር አለቅሳለሁ። ዓይኔን ያመመኝ መስሎት ቅባት ሰጠኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የነፍስ አባታችን፣ ባለቤቴና ጎረቤቶቻችን ተሰበሰቡ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጁ ላይ ቆምን። በቁምጣ፣ የጥርስ ብሩሹን እንደ ነከሰ ብቅ አለ።

«ማን ሞተ?»

«አይዞህ ልጄ፤ ሁላችንም ሟች ነን» አሉ የነፍስ አባታችን።

አንዲት ጎረቤቴ አላስቻላትም። «እናትዬ፣ ባሕር ማዶ ቀረሽ ወይ!» ብላ ደረቷን መታች። እኔ ወረቀቱን ሰጠሁት።

አነበበና ቀና አለ። «እናቴ አልሞተችም! ‹አርብ ቢቸና እደርሳለሁ፣ መጥተህ ውሰደኝ› ትላለች።» በጣቶቹ ቆጠረ። «ዛሬ እሑድ!»

መጀመሪያ የሳቀው ባለቤቴ ነው። እኔ ግን ሌሊቶቹን ቆጠርሁ። አንዲት እናት ቋንቋ በማታውቅበት አገር፣ በእኔ ጥፋት ሁለት ሌሊት ያለ ልጇ አድራለች።

አስተማሪው በጭነት መኪና ወደ ቢቸና ሄደ። እኔ እመቤቴን እየለመንሁ እህል ሳልቀምስ ዋልሁ።

«መርዶ ነጋሪዋ፣ ውሃ እንኳ ቅመሺ እንጂ» ይለኛል ባለቤቴ።

ሲመሽ እናትና ልጅ መጡ። ሴትዮዋ አናታቸው በቅቤ ርሶ፣ እየሳቁ ወረዱ። አንዲት የቢቸና ባልቴት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው አግኝታቸው ቤቷ አሳድራቸው ኖሯል። አምላክ ውለታዋን ይክፈላት።

«ተቀይመውኛል?» አልሁት ልጁን።

«‹ምንም አይደለም› ትላለች።»

በእኛ ዘንድ የተበደለ ሰው ቶሎ «ምንም አይደለም» ካለ፣ ገና አልታረቀም። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ማለዳ፣ እንደ ወጋችን ድንጋይ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ደጃቸው ተንበረከክሁ። የተበደለው ድንጋዩን ካነሣ ይቅር ብሏል። ሴትዮዋ ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ሮጠው በሁለት እጃቸው አነሡልኝ። ከዚያ ድንጋዩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ደረታቸው ላይ አስጠጉት፣ በቋንቋቸው አመሰገኑኝ። ስጦታ መስሏቸዋል! ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱት። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምሁ።