ጊታሬ ያልተሰማባቸው ሳምንታት

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ድሬ ዳዋ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ የብረታ ብረት ቤት የውሃ ታንከር ስንቀጠቅጥ እንውላለን፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በየሰርጉ ኤሌክትሪክ ጊታር እጫወታለሁ። ባንዳችን አራት ሰው ነበር። መሪያችን ዘፋኟ ናት። በአማርኛ ጀምራ፣ በኦሮምኛ ቀጥላ፣ በሶማልኛ ትጨርሳለች፤ የማንም ሰርግ ቢሆን ባዳ አትሆንም።

ጊታሬን ለዓመታት የማገናኘው ከአንድ ትልቅ አሮጌ ሬዲዮ ጋር ነበር። ሬዲዮው ማፏጨት ሲያበዛ፣ ጅቡቲ የነበረ አንድ ሙዚቀኛ አገሩ ሊመለስ ሲል አምፕሊፋየሩን እንደሚሸጥ ሰማሁና ገዛሁት። በባቡር መጣልኝ። እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ሁለት እስፒከር ጎን ለጎን ያለው ከባድ ሳጥን ነው። መንገድ ላይ ተንገጫግጮ የአንደኛው እስፒከር ሽቦዎች ተበጥሰው ነበር። ብረት ሠራተኛ ነኝና ብዙም አላሳሰበኝ፤ የሽቦ መበየጃ ካውያ ተውሼ በየድኳቸው። ቤት ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሳጥኑን እግሬ ሥር አድርጌ ስሞክረው ጮኸ። ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ሰርግ መጋላ ሰፈር ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰፊ ግቢ ውስጥ በተጣለ ዳስ። መጫወት እንደጀመርን ጊታሬ ከሌላ ሰው ግቢ የሚመጣ መሰለኝ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ትንሽ ጨመረ፤ ግን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ወፍራሞቹን ክሮች ስመታማ ከነጭራሹ የለም። ቤት ገብቼ እንደገና እግሬ ሥር አድርጌ ስሞክረው ደህና ነው። በሚቀጥለው እሁድም እንዲሁ ሆነ። ቤት ይሰማል፣ ሰርግ ላይ ይጠፋል።

ያን ጊዜ የጠረጠርኩት ጆሮዬን ነው። ያን የሚያህል ሳጥን ከአሮጌ ሬዲዮ ያነሰ ድምፅ ይሰጣል ብሎ ማን ያስባል? ደግሞ ምክንያት ነበረኝ። ብረት ቤቱ ውስጥ ከጎኔ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ነበር፤ ልናናግረው ስንፈልግ ትከሻውን ነክተን ፊት ለፊቱ እንቆማለን። ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ሄዶበታል። አንድ ቀን ለምሳ ስንቀመጥ መቼ እንደጀመረው ጠየቅኩት።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለኝ። «ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ማውራት የጀመረ ለታ ነው መሰለኝ።»

እኔ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከመዶሻ ውጭ የምወደው ነገር ጊታሬ ብቻ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ዘፋኟን «ጊታሬ ይሰማሻል?» ብዬ መጠየቅ ቀላል ነበር፤ ግን «አዎ፣ ምነው?» ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከሙዚቃው በኋላ ዕቃዬን ቶሎ ሰብስቤ በጋሪ እየጫንኩ እሄዳለሁ። ቤትም ሳላውቀው የሰው ከንፈር ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የነቃችብኝ ባለቤቴ ናት።

«ሳወራ አፌን ለምን ታየዋለህ?» አለችኝ አንድ ምሽት እራት ላይ።

«አላየሁም።»

«ታያለህ። ጥርሴ ላይ ጎመን አለ እንዴ?»

ሳቅ ስትል እኔ አልሳቅኩም፣ የፈራሁትን ነገርኳት። ተነሥታ ከመጋረጃው ጀርባ ሄደችና «የምለውን ድገም» አለችኝ። ከዚያ በሹክሹክታ የገበያ ዕቃ ትጠራ ጀመር፦ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፓፓያ፣ የሳሙና ፍሬ። ሁሉንም ደገምኩ። ወጥታ በረንዳ ላይ ሆና ቀጠለች፤ እሱንም ሰማሁ።

«ጆሮህ ደህና ነው» አለች ተመልሳ።

«እኔን ለማጽናናት ጮክ ብለሽ ይሆናል።»

«እንግዲያው ሄደህ ዘፋኟን ጠይቃት። እሷ አንተን የምታጽናናበት ምክንያት የላትም።»

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ዘፋኟ ግቢዋ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጣ የሰርግ ልብሷን ጠርዝ ትሰፋለች። በአፌ እንደመጣልኝ፣ «ጊታሬ ይሰማሻል ወይ?» አልኳት።

መርፌዋን ልብሱ ላይ ሰክታ ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ጠየቅከኝ? ሁለት እሁድ ሙሉ ያለ ጊታር ነው የዘፈንኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ተቀይመኸኛል ብዬ ነዋ። ከመጋላው ሰርግ በፊት ባለው ልምምድ ‹ብቻህን የምትጫወተውን አሳጥረው› አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ድምፅህ ጠፋ፣ ሙዚቃው እንዳለቀ ሳትሰናበተኝ ትሄዳለህ። ሆን ብሎ ቀነሰብኝ ብዬ አዘንኩብህ፤ ሌላ ጊታር ተጫዋች ልፈልግም አስቤ ነበር።»

አጠገቧ ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩ። ሥራዬን ልታሳጣኝ እንደነበር እየነገረችኝ እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሷም አልሰማችውም። እንግዲያው የጠፋው ከጆሮዬ ሳይሆን ከሳጥኑ ነው።

«ምን ያስቅሃል?» አለች።

ስለ ጆሮዬ ስነግራት እሷም ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ አያስፈራኝም። መጀመሪያ ገመዱን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። የሌላ ባንድ ሰው ጊታር ተውሼ ሰካሁ፤ ያው ነው። የሳጥኑን ቁልፎች አንድ በአንድ አዟዟርኩ። ጊታሩም ገመዱም ነጻ ሲሆኑ ሳጥኑን ጋሪ ላይ ጭኜ መጋላ ወዳለ ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሙቀቱ በርዶ ስለነበር ባለሱቆቹ ከቀትር እንቅልፍ ተነሥተው ገና መክፈታቸው ነው። ጠጋኙ ጢሙን በሂና ያቀላ ሶማሌ ሽማግሌ ሲሆን ሁላችንም «አዴር» እንለዋለን፤ አጎቴ እንደማለት ነው። አክብረን ጠርተን ደግሞ «አንተ» እንለዋለን፤ ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚባለው ዳኛ ብቻ ነው።

ጀርባውን ከፍቶ ድምፅ የሚያጎሉትን የውስጥ አምፖሎች አየ። ሁሉም ይበራሉ። በሌላ ሲተካቸውም ድምፁ አልተለወጠም።

«ተጫወት» አለኝ። ስጫወት ጆሮውን መጀመሪያ ከግራው እስፒከር፣ ቀጥሎ ከቀኙ አስጠጋ። ከዚያ ተነሥቶ መንገዱን ተሻግሮ ቆመ። ከወዲያ ማዶ ራሱን ነቀነቀ።

«ዋርያ» ብሎ በሶማልኛ ጠራኝ ሲመለስ፣ «ይቺ ዕቃ አጠገቧ ስትሆን ትጮኻለች፣ ስትርቅ ትሞታለች። አምፖል እንዲህ አይታመምም።»

የአንዱን እስፒከር ሽቦ በካውያ ፈታና «አሁን ተጫወት» አለ። መታሁ። በአንድ እስፒከር ብቻ የወጣው ድምፅ በሁለቱ ይወጣ ከነበረው በለጠ። ዓይኔን ማመን ትቼ ጆሮዬን አመንኩ።

ሽማግሌው ከመሳቢያው አንድ የባትሪ ድንጋይ አወጣ። የፊቱን ጨርቅ ገልጦ የእስፒከሮቹን ወረቀት አሳየኝና ባትሪውን የግራው ሽቦዎች ላይ ነካ አደረገው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ገፋ። ባትሪውን ሳያዞር የቀኙን ነካ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ተሳበ።

«አየህ? አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ያኛው የገፋውን አየር ይሄኛው ይመልሰዋል። ለሰርግ ምን ይተርፋል?» አለኝ። ብየዳውን በጥፍሩ ቧጨረና፣ «ይሄን የበየደው ማነው? የራዲዮ ሰው አይደለም።»

«እኔ ነኝ አዴር» አልኩት። «ሽቦዎቹ ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ የትኛው የት እንደሚገባ አላወቅኩም።»

«በርታ» አለ፣ ፊቱን ሳይቀይር። «ብየዳው ጠንካራ ነው። ቦታው ነው የተሳሳተው።»

ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየራቸው። እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን እንደገና ሰካሁ። ወፍራሙን ክር ስመታ የሱቁ መስታወት ነዘረ፣ መደርደሪያው ላይ የነበረች የሻይ ብርጭቆ ተንቀሳቀሰች። ጎረቤት ጨርቅ የሚሸጠው ሐረሪ ብቅ ብሎ «ምን ፈረሰ?» አለ። ሽማግሌው ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «በቃ አቦ፣ በቃ፣ ተሠርቷል» አለኝ። እኔ ግን ቶሎ አላቆምኩም። ደረቴ ውስጥ ሲያስተጋባ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በደንብ ሳልተነፍስ እንደኖርኩ ገና ያን ጊዜ ታወቀኝ።

በማግስቱ ብረት ቤት ስገባ ጥጥ ይዤ ገባሁ። ለመዶሻ ሥራ ጆሮዬን ስደፍን ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ የሳቀው ይሳቅ ብዬ ቀጠልኩ።

የሚቀጥለው እሁድ ሰርግ ሳቢያን ሰፈር ነበር። ባለቤቴን ይዣት ሄድኩ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ ዘፋኟ ማይክሮፎኗን ወደ ጎን አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ትንሽ ቀንሰው» አለችኝ። «የሙሽራው አባት ከሽማግሌዎቹ ጋር መነጋገር አልቻልኩም ይላል።»

«እሺ» አልኩና ጎንበስ ብዬ ቁልፉን እስከ እኩሌታው መለስኩት። ባለቤቴ ከሴቶቹ መሐል ሆና ታየኛለች። ዘፋኟም ወደ ማይክሮፎኗ ተመለሰች፣ እኛም ካቆምንበት ቀጠልን።